ከእንዶድ እስከ በረኪና፦ እናቶቻችን ቤት ያጸዱበት ታሪክ

የአይሻን አየር የሚያውቅ ሰው ስለ እርጥበት ስንጽፍ ቢገረም አንፈርድበትም። አገራችን ደረቅ ነው፤ ነፋሱ ብርቱ፣ ዝናቡ ጥቂት። ውሃ በጀሪካን እየገዛን የምንኖር ሴቶች እርጥበት አስቸገረን ስንል መስማት እንግዳ ነገር ነው። ሆኖም በማኅበራችን ስብሰባ ደጋግሞ የተነሣው ጉዳይ ይኸው ሆነ። የካራን ዝናብ ሲመጣ በሲሚንቶና በቆርቆሮ በተሠሩት ጠባብ ክፍሎቻችን ግድግዳው ይረጥባል፣ ፍራሹ ይሸታል፣ የልጆች ሳል ይበረታል። ከመካከላችን ደግሞ ወደ ጅቡቲ ሄደው በሰው ቤት የሠሩ፣ ዛሬም የሚሠሩ እህቶች አሉ። እዚያ በተለይ ቀዝቀዝ በሚለው ወቅት የባሕሩ እርጥበት ቤት ውስጥ ይገባና አልወጣም ይላል። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ይጠቁራል፤ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ይሻግታል። ያንን ሻጋታ ማጥፋት የእህቶቻችን ሥራ ነው፤ ለዚህም የሚሰጣቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጠርሙስ በረኪና ብቻ ነው።

ስለ በረኪናው ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ተነሣ። ይህ ጠርሙስ ከመምጣቱ በፊት እናቶቻችንና አያቶቻችን በምን ያጸዱ ነበር? ማኅበራችን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ቦታ ነው። ግማሾቻችን የኢሳ ሶማሌ ልጆች ነን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ቤተሰቦቻችን የባቡሩን መንገድ ተከትለው ከደጋው የወረዱ ነን። ስለዚህ ሁለት ዓይነት እናቶች፣ ሁለት ዓይነት ቤቶች፣ ሁለት ዓይነት ጽዳት አለን። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

የክረምት አገር ጽዳት

በደጋው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ብርቅ ናት። ጭቃው ከደጅ ይገባል፤ እህሉ፣ ቁርበቱ፣ ጋቢው ሁሉ እርጥበት ይስባል። በዚህ ወቅት ቤትን ንጹሕ አድርጎ መያዝ ከባድ ሥራ ነበር፤ ሥራውም የሴት ነበር።

ጎጆ ቤት ራሱ በሥራው ያግዛት ነበር። የጭቃው ግድግዳ እርጥበትን ስቦ መልሶ ያወጣል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ በሣሩ ክዳን ውስጥ አልፎ ሲወጣ ክዳኑን ያደርቀዋል፤ ተባዩንም ያባርራል። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ እበቱ ሲደርቅ አቧራውን ይዞ መሬቱን ያጠብቃል። ለድስትና ለብረት ዕቃ አመድ ነበር። የእንጨት አመድ ቅባትን የሚያሟሟ ነገር አለው፤ የጥንት ሰዎች በብዙ አገር ሳሙና ያበሰሉት የአመድ ውሃን ከስብ ጋር አፍልተው ነው። ለጠላ ጋን ደግሞ የግራዋ ቅጠል ነበር። ጋኑ በግራዋ ይፈተጋል፣ ይታጠባል፣ ከደረቀ በኋላ በወይራ ይታጠናል። የወተት ቅሉም እንዲሁ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህ ሁሉ ለሽታ ማማር ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ጭሱ ዕቃውን ያደርቃል፣ መጠጡም ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል።

ለልብስ እንዶድ ነበር። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። ለበዓል የሚለበሰው ነጭ ነጠላ የሚነጣው በዚህ ነበር። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይገለበጣል፤ ቁርበቱ፣ ሰሌኑ፣ ጋቢው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ግድግዳውና ወለሉ እንደገና ይለሰናል። አዲስ ዓመት የሚቀበሉት እንዲህ ነበር።

የቆላው ጽዳት

የሶማሌዋ እናት ቤት ሌላ ነው። አቃል የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ቤት የምትሠራው፣ የምትተክለውና የምትነቅለው ሴቲቱ ራሷ ናት። የታጠፉ እንጨቶችን ታቆማለች፤ በላያቸው ላይ በእጅዋ የተሠሩ ምንጣፎችን ትደርባለች። ጓዙ ሲነሣ ሁሉም ተፈታቶ በግመል ይጫናል።

ይህን እንደ ጽዳት ዘዴ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን አስቡት፤ ቤቱ በየጊዜው ተፈትቶ እያንዳንዱ ምንጣፍ ይራገፋል፣ ፀሐይና ነፋስ ያገኘዋል። ቤቱ የቆመበት መሬትም መዥገሩንና ቁንጫውን እንደያዘ ከኋላ ይቀራል። በደጋው እናት ዘንድ በዓመት አንድ ጊዜ በመስከረም የሚደረገው፣ በአርብቶ አደሯ ዘንድ በእያንዳንዱ ጉዞ ይደረግ ነበር። ሻጋታ በአንድ ቦታ የሚቆምበት ጊዜ አያገኝም።

ውሃ ውድ ስለሆነ ዕቃ በአሸዋ ይፈተጋል። የግመል ወተት የሚያዝበት የተጎነጎነ ዕቃ በውሃ ከመታጠብ ይልቅ የተመረጠ እንጨት ተቃጥሎ በጭሱ ይታጠናል። የየትኛው ዛፍ ጭስ ወተቱን እንደሚያቆይ፣ የየትኛው ጣዕሙን እንደሚያበላሽ እናት ለልጅዋ ታስተምራለች። ለገላና ለፀጉር ቀሲል አለ። ቀሲል ሶማሌዎች ጎብ የሚሉት፣ በአማርኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ የሚገኝ ዱቄት ነው። በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል። እንግዲህ የደጋዋ እናት በእንዶድ ፍሬ ያገኘችውን አረፋ የቆላዋ እናት በቁርቁራ ቅጠል አገኘችው። ሳይንቲስቶች በሁለቱም ውስጥ ያለውን አረፋ ሰጪ ነገር ሳፖኒን ይሉታል። እናቶቻችን ስሙን አያውቁም ነበር፤ ሥራውን ግን ያውቁ ነበር።

ማታ ደግሞ በደብቃድ ፍም ላይ ኡንሲ ይጨሳል፤ ቤቱም ልብሱም ይታጠናል። ይህን ልማድ ዛሬም ሁላችን ይዘነዋል። ነገሩን በትክክል እንናገረው ካልን ግን ኡንሲና ዕጣን የቤቱን ሽታ ይለውጣሉ እንጂ የረጠበውን ግድግዳ አያደርቁም።

ሁለቱን እናቶች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ቅደም ተከተል ይታየናል። በመጀመሪያ ማድረቅ፣ ቀጥሎ መፈተግ፣ በመጨረሻ ማጠብ። የሚያጥበው ነገር እንዶድም ሆነ ቀሲል በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣ ነበር።

ባቡሩ ያመጣው

ይህን ቅደም ተከተል የለወጠው ነገር በደጃችን አልፏል። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገድ የማሠራቱን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ሙሉው መንገድ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አይሻም ከጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። ዛሬ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድም ላይ ናት፤ እሱም መደበኛ ሥራውን የጀመረው በ2018 መጀመሪያ ነው።

በባቡር የሚመጣው የነጋዴ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ አኗኗርም አብሮ መጣ። ቆርቆሮ መጣ፣ ሲሚንቶ መጣ፣ በፋብሪካ የተሠራ ሳሙና መጣ። በኋላም የጉለሌና የረጲ ፋብሪካዎች በአገር ውስጥ ሳሙና አመረቱ። በደርግ ዘመን ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ያ በማይበቃበት ጊዜ በዚሁ ባቡር የሚነግዱ ሴቶች በጓዛቸው ሸሽገው ያመጡት ነበር። የድሬዳዋ ታይዋን ገበያ በኮንትሮባንድ ዕቃ ስሙ የወጣው በከንቱ አይደለም። የፋብሪካ ሳሙና ወደ ቤታችን የገባው በሴቶች ድካምና በሴቶች ኪሳራ ጭምር ነው። ስለዚህ ሳሙናን ለመንቀፍ አልተነሣንም። እጅን በሳሙና መታጠብ ስንቱን ሕፃን ከተቅማጥ እንዳዳነ እናውቃለን።

በረኪናም የራሱ ታሪክ አለው። በ1780ዎቹ የፈረንሳዩ ኬሚስት ቤርቶሌ ክሎሪን ጨርቅን እንደሚያነጣ አሳየ፤ ፈሳሹ ያኔ ፓሪስ አጠገብ በነበረችው ዣቬል በምትባል መንደር መሠራት ጀመረ። ጅቡቲ የሚሠሩ እህቶቻችን እስከ ዛሬ «ዣቬል» ብለው የሚጠሩት ከዚያ የመጣ ነው። እኛ ደግሞ «በረኪና» የምንለው ከጣሊያንኛ የተወሰደ ቃል ነው። ድንበሩን ስንሻገር ስሙ ይለወጣል፤ ጠርሙሱ ግን ያው ነው።

ጅረት ዳር የነበሩት ሴቶች

የፋብሪካው ሳሙና ሲስፋፋ የእናቶች እውቀት «ኋላ ቀር» ተባለ። እንዲህ እንዳልሆነ ያሳየው አንድ ታሪክ ነው፤ እያንዳንዷ አባላችን ለልጅዋ ልትነግረው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። ይህ በሽታ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፍ ነው። ዶክተር አክሊሉ በጅረቱ ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ይገድል እንደሆነ መረመሩ፤ እንደሚገድልም አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው ለብዙ ዓመታት የእንዶድን ዝርያ፣ አስተራረስና አጠቃቀም አጠኑ። ውጭ አገር ተመርቶ በውድ ዋጋ ከሚገዛ መድኃኒት ይልቅ መንደርተኛው ራሱ አብቅሎ የሚጠቀምበት ነገር እንዲኖር ነበር ምኞታቸው። እውቅናው ግን ቶሎ አልመጣም። በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት በሌላው ዓለም ተቀባይነት እንዲያገኝ ረጅም ጊዜ መሟገት ነበረባቸው። በ1989 ሁለቱ ሳይንቲስቶች «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ ሙስል የተባለ ባለ ዛጎል ፍጥረት እንደሚገድል በጥናት ታየና በ1990ዎቹ ፓተንት ወሰደበት። የኢትዮጵያ ገበሬና ልብስ አጣቢ ለዘመናት የያዘው ተክል በሌላ አገር የባለቤትነት ወረቀት ወጣለት። ጉዳዩ የአገሬው እውቀት የማን ነው በሚለው ክርክር ውስጥ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይነሣል።

እኛን ግን ሌላ ነገርም ያሳስበናል። የሁለቱ ሳይንቲስቶች ስም በክብር ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። የተክሉ ስም ተጽፏል፣ የዩኒቨርሲቲው ስም ተጽፏል። ጅረቱ ዳር ጎንበስ ብለው ልብስ ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች ግን፣ እኛ ባነበብነውና በሰማነው ሁሉ፣ «ልብስ አጣቢዎች» ከመባል በቀር ስም የላቸውም። ያንን ተክል መርጠው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው ለልጆቻቸው ያስተላለፉት እነሱ ነበሩ።

ቤቱ ተለወጠ፣ እርጥበቱ ቀረ

አሁን ወደ ክፍሎቻችን እንመለስ። አቃልም ጎጆም የሚተነፍሱ ቤቶች ነበሩ። የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ግን አይተነፍሱም። በአንዲት ክፍል አምስት ሰው ሲያድር ትንፋሹ፣ የድስቱ እንፋሎት፣ የታጠበው ልብስ ውሃ ሁሉ መውጫ ያጣና ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሻጋታ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ ዘሩ በአየር ውስጥ ሁልጊዜ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ችግርና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል።

በዚህ ላይ በረኪና ስናፈስበት ምን ይሆናል? ጥቁሩ ይነጣል፤ ቤቱም የጸዳ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ በሚመጥ ግድግዳና እንጨት ላይ ወደ ውስጥ የገባውን የሻጋታ ሥር በደንብ አያገኘውም። እርጥበቱ ካለ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ እህታችንም እንደገና ጠርሙሱን ታነሣለች። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክካ የምትተነፍሰው እሷ ናት። በረኪና ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም እንዲሁ አደገኛ ጋዝ ይፈጥራል። «ሁለቱን ደባልቂው፣ ይበልጥ ያጸዳል» የተባሉ እህቶች ከመካከላችን አሉ። ይህ ትእዛዝ የሚሰጣት ሁሉ እምቢ ማለት እንደምትችል እንድታውቅ እንፈልጋለን።

የምንይዘውና የምንተወው

ከታሪኩ የምንወስደው የመጀመሪያው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ጠዋት በርና መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ክፍሉን ያቋርጥ። አልጋና ቁም ሣጥን ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ፍራሽና ምንጣፍ እንደ አቃሉ ምንጣፍ በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ይምታው። የታጠበ ልብስ ማደሪያ ክፍል ውስጥ አይሰጣ። መንግሥት በአይሻ ነፋስ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ተነሥቷል፤ እኛም በዚያው ነፋስ ቤታችንን ማድረቅ እንችላለን፤ ሂሳብ አያስከፍልም።

ከዚያ በኋላ ሻጋታውን በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ማንሣትና ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው፤ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን አይረሳ። ለድስት አመድና አሸዋ ዛሬም ይሠራሉ፣ ውሃም ይቆጥባሉ፤ አመዱ እጅን ስለሚያደርቅ ግን ሥራው ሲያልቅ በውሃ መለቅለቅ ያስፈልጋል። በረኪና የግድ ካስፈለገ ብቻውን፣ በውሃ ተቀጥኖ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሁን። የተረፈው ፍየል በሚጠጣበት ቦታ አይደፋ።

የእናቶቻችን ስለሆነ ብቻ ሁሉንም እንያዝ አንልም። የቤት ውስጥ ጭስ የእናትንም የሕፃንንም ሳንባ ይጎዳል፤ ስለዚህ የወተት ዕቃ ደጅ ይታጠን፣ ኡንሲም በተዘጋ ክፍል አይጨስ። እበት ሕፃን ለሚድህበት ወለል አይሆንም። እንዶድም ቀንድ አውጣ የሚገድለው መርዝነት ስላለው ነው፤ ዓሣንም ይገድላል፣ ለሰውም አይጠጣም። ከልጆች መራቅና የመጠጥ ውሃ ባለበት አካባቢ አለመደፋት አለበት። ከቅጠል የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ይህንንም ቢሆን ያወቁና ያስተማሩ እናቶቻችን ነበሩ።

ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ሳሙናና የጽዳት ዕቃ በካርቶን ስትልኩልን ከልብ እናመሰግናለን፤ ይጠቅመናልም። ነገር ግን ታሪኩን ስናየው እርጥብ ቤትን የሚያድነው መጀመሪያ አየር ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ላይ መስኮት ማስከፈት፣ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ፣ ደጅ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድና ምሰሶ፣ ከካርቶን ሳሙና ይልቅ ብዙ ዘመን ያገለግላሉ። ቀጣዩን ድጋፍ ስታስቡ ይህን እንድታስቡልን እንጠይቃለን።

ለእህቶቻችን ደግሞ፦ ማኅበራችን አንድ መዝገብ ከፍቷል። እያንዳንዷ አባል እናቷ ወይም አያቷ ቤት፣ ልብስና የወተት ዕቃ በምን ታጸዳ እንደነበር ትናገራለች፤ መጻፍ የምትችል ትጽፍላታለች። በሶማሊኛ የሚነገረው በሶማሊኛ፣ በአማርኛ የሚነገረው በአማርኛ ይጻፋል። የተክሉ ስም፣ የሚለቀምበት ወቅት፣ የማይደረገውና የሚያስጠነቅቀው ነገር ሁሉ ይገባል። ፈቃደኛ የሆነች እናት ስሟ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይሰፍራል። አድዋ ጅረት ዳር የነበሩት ሴቶች ስም ቀርቷል፤ የእኛ እናቶች ስም እንዳይቀር ማድረግ ግን ገና በእጃችን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ።